ፋፋ ማለት ጤና ማለት ነውን?



በአገራችን ሕፃን የሚመሰገንባቸው ቃላት ጥቂት አይደሉም። «አደገ፤ ወዛ፤ ሥጋ ለበሰ፤ ፋፋ» እንላለን። ከነዚህ ሁሉ ግን «ፋፋ» የሚለውን የሚያህል የለም። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን፣ በስዊድን እርዳታ የተቋቋመው የሕፃናት አመጋገብ ክፍል ከእህል፣ ከጥራጥሬና ከወተት ዱቄት የሕፃናት ምግብ አዘጋጅቶ ባወጣ ጊዜ ስሙ «ፋፋ» ተባለ። ልጅዋ ሲከሳባት ውላ ለምታድር እናት ከዚህ ቃል የሚበልጥ ምን ምኞት ነበራት?

እኔም በዚህ ቃል ያደግሁ ነኝ። ዛሬ ግን ከቃሉ ጋር ትንሽ መሟገት እፈልጋለሁ። የምሟገተው በክፍል ውስጥ ስለተማርሁት ብቻ አይደለም፤ በገዛ እጄ ያጠፋሁት ጥፋት ስላለ ነው።

ባለፈው ፋሲካ ለበዓሉ ወደ አገሬ ወደ ደብረ ወርቅ ሄጄ ነበር። ከአዲስ አበባም ዘመዶች መጥተው ስለ ነበር ቤታችን ሞልቷል። ይዘውት የመጡት የሰባት ዓመት ልጅ ጉንጩ የተነፋ፣ ሆዱ ከሸሚዙ ቍልፎች ጋር የሚታገል ነበር። ጎረቤት እየመጣ በያይነቱ መረቀው። «እሰይ! እንዴት ፋፍቷል! አይ የአዲስ አበባ ኑሮ!» ያላለ አልነበረም። በማግሥቱ ወደ ማርያም ስንሄድ ግን ዳገቱ ላይ ሦስት ጊዜ ተቀመጠ፤ እኩዮቹ ቀድመውት ሄዱ፤ እሱ እያለከለከ የእናቱን ቀሚስ ይዞ ቀረ። ያን ጊዜ ማንም ምንም አላለም።

በዚያው ቤት ውስጥ አራት ዓመት የሞላው የታላቅ ወንድሜ ልጅ አለ። ተወልዶ ያደገው እዚያው ደብረ ወርቅ ነው። እሱም እንደ ምንም ሥጋ ለብሷል። «እሱም ከእንግዳው ልጅ አላነሰም!» ተባለና ሁላችንም ደስ አለን። ከሁሉ ይልቅ ደስ ያለኝ ግን እኔ ነበርሁ። ልጁ በሁለት ዓመቱ ከስቶ ስላየሁት፣ ከዩኒቨርሲቲ ወደ ቤት በተመለስሁ ቍጥር ብስኩትና ለስላሳ ተሸክሜ መሄድ ልማዴ ሆኖ ነበርና።

በዓሉ ካለፈ በኋላ ልጁን ጉንፋን ያዘውና ወደ አንድ ጤና ጣቢያ ወሰድሁት። የጤና ጣቢያውን ስም አልጠራም፤ ነገሩ የአንድ ቤት ጥፋት አይደለምና። ነርሷ ሚዛን ላይ አቆመችው፤ 16 ኪሎ ተኩል ሆነ። ካርዱን አይታ «ለዕድሜው ደኅና ነው» አለች። እውነትዋን ነበር። የአራት ዓመት ወንድ ልጅ መካከለኛ ክብደት 16 ኪሎ ገደማ ነው። አመስግኜ ወጣሁ። ማታ ግን አንድ ነገር ከነከነኝና ልጁን ከግድግዳ አስጠግቼ በልብስ ሰፊ ሜትር ለካሁት። 92 ሳንቲ ሜትር ሆነ።

ጓደኞቼ፣ እዚህ ላይ ከእኔ ጋር ጥቂት አስሉ። የዓለም የጤና ድርጅት በአውሮፓ አቆጣጠር በ2006 ያወጣው የሕፃናት እድገት መለኪያ በብራዚል፣ በጋና፣ በሕንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ ካደጉ ሕፃናት የተገኘ ነው። በዚህ መለኪያ የአራት ዓመት ወንድ ልጅ መካከለኛ ቁመት 103 ሳንቲ ሜትር ሲሆን፣ ከ95 በታች የሆነ የቀነጨረ ይባላል። ስለዚህ የወንድሜ ልጅ ቀንጭሯል። ደግሞ 92 ሳንቲ ሜትር ለሚረዝም ልጅ ተገቢው ክብደት 13 ኪሎ ተኩል ያህል ነው። ስለዚህ 16 ኪሎ ተኩል የሚመዝነው ይኸው ልጅ ለቁመቱ ከልክ በላይ ወፍሯል። ሚዛኑ «ደኅና ነው» ያለው ልጅ በአንድ ጊዜ ሁለት ሕመም ተሸክሞ ነበር፤ አንዱ ሕመም ሌላውን ሸፍኖት ሚዛኑ ላይ ተቃቅፈው ጤና መሰሉ። ሁለተኛውን ሕመም ተሸክሜ ያመጣሁለት ደግሞ እኔው ነኝ፤ በብስኩት ከረጢት።

አሁን አንዳንድ አንባቢ «ይህ ሰው ምን ነካው? ሕዝብ በሚራብበት አገር ስለ ውፍረት ይጽፋልን?» ብሎ እንደሚቆጣ አውቃለሁ። ቍጣው ተገቢ ነውና መልስ ሳልሰጠው አላልፍም። በ2008 ዓ.ም. የተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት እንዳሳየው በኢትዮጵያ ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ከሆነ ሕፃናት ውስጥ ከመቶ 38ቱ የቀነጨሩ ነበሩ፤ በአማራ ክልል ደግሞ ከመቶ 46ቱ። በ2011 ዓ.ም. በተደረገው አነስተኛ ጥናት የክልላችን ቍጥር ወደ 41 ዝቅ ብሏል፤ ቢሆንም ከአሥር ሕፃናት አራቱ ማለት ነው። በዚያው በ2008ቱ ጥናት መሠረት ከ6 እስከ 23 ወር ካሉት ሕፃናት የሚገባውን ያህልና ዓይነት ምግብ ያገኙት ከመቶ 7ቱ ብቻ ናቸው። ከልክ በላይ የወፈሩት ሕፃናት ግን ከመቶ አንድ ነበሩ። እንግዲህ ዋናው ጠላታችን ረኃብ መሆኑን ማን ይክዳል? ሐምሌ 2007 ዓ.ም. የወጣው የሰቆጣ ቃል ኪዳን መቀንጨርን በአውሮፓ አቆጣጠር እስከ 2030 ለማጥፋት የተነሣው ስለዚሁ ነው።

ይሁን እንጂ ስለ ውፍረት የምናገረው ስለ ረኃብ መናገር ሰልችቶኝ አይደለም። ሁለቱ የአንድ በሽታ ሁለት ፊት ስለ ሆኑ ነው።

በአውሮፓ አቆጣጠር በ1944 ክረምት የጀርመን ጦር ምዕራብ ሆላንድን ከእህል ስለ ዘጋ ብርቱ ረኃብ ሆነ። ከዓመታት በኋላ ለውትድርና የተመረመሩ 300,000 የሚያህሉ የ19 ዓመት ጐልማሶች መዝገብ ሲታይ፣ እናቶቻቸው በእርግዝናቸው መጀመሪያ አጋማሽ የተራቡባቸው ወጣቶች ከሌሎቹ ይልቅ ከልክ በላይ ወፍረው ተገኙ። ሊቃውንቱ ይህን ሲያስረዱ፣ በማኅፀን የተራበ ገላ ያገኛትን ሁሉ መቆጠብ ይለምዳል ይላሉ። ጥጋብ በመጣ ጊዜም መቆጠቡን አይተውም። አሁን የኛን አገር አስቡት። እናት በክረምት ተርባ ትፀንሳለች፤ ሕፃኑ በሁለተኛ ዓመቱ ቀጭን ሙቅ እየጠጣ ይቀነጭራል፤ ከዚያ በኋላ መንገድ ይገባል፣ ሱቅ ይከፈታል፣ የሚገዛውም ርካሹ ነገር ብስኩትና የጣፈጠ ውኃ ይሆናል። ቁመት የሚጨምረው እንቁላልና ወተት ውድ ነው፤ ክብደት የሚጨምረው ስኳር ርካሽ ነው። ባለ 300 ሚሊ ሊትሩ አንድ ጠርሙስ ለስላሳ በሻይ ማንኪያ ቢሰፈር ሰባት ስምንት ማንኪያ ስኳር አለበት። ይህን ለቀነጨረ ልጅ መስጠት ጣሪያው ላልተሠራ ቤት ግድግዳውን ማወፈር ነው።

በሌላው ዓለም የሆነውንም እንይ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2022 ከ5 እስከ 19 ዓመት ካሉት የዓለም ልጆችና ወጣቶች ከ390 ሚሊዮን የሚበልጡት ከመጠን በላይ ክብደት ነበራቸው፤ ከነዚህም 160 ሚሊዮን ያህሉ ውፍረታቸው ሕመም ከሚባልበት ደረጃ የደረሰ ነበር። በ2025 ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት እንደ ገለጸው፣ በዓለም ላይ ለትምህርት ከደረሱት ልጆች መካከል ለመጀመሪያ ጊዜ ከልክ በላይ የወፈሩት ከከሱት በለጡ። ይህ ያልሆነባቸው ሁለት ክፍሎች ብቻ ናቸው፤ ደቡብ እስያና ከሰሐራ በታች ያለው አፍሪካ። እኛ ያለነው እዚያ ነው። ይህን እንደ ምስጋና አትስሙት። ገና ጊዜ አለ ማለት ብቻ ነው። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት እንዲህ ላለው ጊዜ ነው።

ታዲያ ጊዜው የት ላይ ይሠራበት? በኔ አሳብ ትልቅ ሆስፒታል አያስፈልገውም። ሥራው የጤና ጣቢያና የጤና ኬላ ነው። በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሲከፈት የጤና መኮንን፣ የኅብረተሰብ ነርስና የአካባቢ ጤና ጠባቂ አብረው እየሠለጠኑ ወደ ጤና ጣቢያ እንዲወጡ የተደረገው፣ በሽታ ሳይጸና በየመንደሩ እንዲያዝ ነው። ከ1995 ዓ.ም. ወዲህም በየቀበሌው የተመደቡት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ያንኑ መንገድ እስከ ቤት ደጃፍ አድርሰውታል። ይሁን እንጂ ሚዛናችንም የክንድ መለኪያችንም የተሠሩት የከሳውን ሕፃን ለመፈለግ ነው። ክንዱ ከ11 ሳንቲ ሜትር ተኩል ያነሰው ሕፃን ይያዛል፣ ይታከማል፤ ይህም ስንቱን ከሞት አድኗል። የክንዱ ዙሪያ ደኅና የሆነው ግን «ሂድ» ይባላል። ቁመቱን የጠየቀው የለም። በእድገት ካርዱ ላይ ከመካከለኛው መሥመር በላይ የተሰመሩትን መሥመሮች ጣት ሳይነካቸው ስንት ካርድ አርጅቷል!

ስለዚህ በበኩሌ ቢደረግ የምለው አራት ነገር ነው።

አንደኛ፣ ክብደት በተለካ ቍጥር ቁመትም ይለካ። ከእንጨት የተሠራ መለኪያ ሰሌዳ ብዙ ዋጋ አያወጣም፤ መለካቱም ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ክብደት ብቻውን ግማሽ ምስክር ነው፤ በግማሽ ምስክር ደግሞ ዳኛ አይፈርድም።

ሁለተኛ፣ አነጋገራችን ይታረም። ወፍራሙን ልጅ በአንድ በኩል «ፋፋህ» እያልን እናሞግሰዋለን፤ ትምህርት ቤት ሲገባ ደግሞ «ዱባው» እያልን እንስቅበታለን። ሁለቱም ይጎዳዋል። ጤና ጣቢያ ሲመጣ እናቲቱን በሰው ፊት መገሠጽ፣ ልጁንም «ሆዳም» ማለት ከቶ አይገባም። ያፈረች እናት በሚቀጥለው ወር አትመለስም፤ ካልተመለሰች ሕክምናው አለቀ ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ ምክሩ ለመላው ቤተሰብ ይሁን። ልጅን ብቻውን ከማዕድ ማስነሣት ቅጣት እንጂ ሕክምና አይደለም። ልጅ እያደገ ነውና አይራብ፤ ብዙ ጊዜ የሚፈለገው ክብደቱ ባለበት ቆሞ ቁመቱ እንዲደርስበት ነው። በለስላሳ ፈንታ ውኃ፤ በብስኩት ፈንታ እንቁላል፣ ወተት፣ ሽሮ፣ ጎመንና ድንች፤ ከዚህም ጋር ደኅና እንቅልፍ። ዕድሜው ለትምህርት የደረሰ ልጅ በቀን አንድ ሰዓት ያህል መሮጥና መጫወት አለበት። ለደብረ ወርቅ ልጅ ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ ውኃ ሲቀዳና ከብት ሲከተል የኖረበት ነው። ከተማ የገባው ወንድሙ ግን በአንድ ክፍል ቤት ከስልክ ጋር ተዘግቶ ይውላልና ለሱ ሜዳ ሊፈለግለት ይገባል።

አራተኛ፣ ክትትሉ አይቋረጥ፤ ከጤና ጣቢያ አቅም በላይ የሆነውም ይታወቅ። ሌሊት አጥብቆ የሚያንኮራፋና ትንፋሹ የሚቆራረጥ፣ ውኃ አብዝቶ የሚጠጣና አብዝቶ የሚሸና፣ የአንገቱ ቆዳ የጠቆረና የወፈረ፣ ወይም ቁመቱ ቀጥ ብሎ ቀርቶ ክብደቱ ብቻ የሚጨምር ልጅ ወደ ሆስፒታል ይላክ። ይህ የመጨረሻው በተለይ እንቅርት ባለበት አገር ሊታሰብበት የሚገባ ነው፤ የእንቅርት እጢ ሲደክም ልጅን ያሳጥራል፣ ያወፍራልም።

ይህን ስል የሌላውን አገር መመሪያ እንዳለ እንገልብጥ ማለቴ አይደለም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር በአውሮፓ አቆጣጠር በ2023 ባወጣው መመሪያ፣ ከ3 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ቢያንስ 26 ሰዓት ምክር ከቤተሰቡ ጋር ፊት ለፊት እንዲደረግ፣ ከ12 ዓመት ጀምሮ መድኃኒት እንዲታሰብ፣ ከ13 ዓመት ጀምሮም ውፍረታቸው እጅግ የበረታ ልጆች ለቀዶ ሕክምና እንዲላኩ ይመክራል። በየቀበሌው ሁለት ሴቶች ብቻ ተመድበው ክትባቱን፣ ወባውን፣ እርግዝናውንና የመጸዳጃ ቤቱን ጉዳይ ለሚሸከሙባት አገር 26 ሰዓት ለአንድ ልጅ ከየት ይመጣል? ነገር ግን የነሱ መንገድ እዚያ የደረሰው በየሐኪሙ ቤት እየተለካ «ያድጋል፤ ይተወዋል» እየተባለ ብዙ ልጅ ካለፈ በኋላ ነው። እኛ ከነሱ የምንወስደው መድኃኒቱንና ቢላዋውን ሳይሆን ትምህርቱን ነው፤ ቀድሞ መለካትን፣ ልጁን አለማዋረድን፣ ቤተሰቡን አንድ ላይ ማነጋገርን።

ሌላው ተቃውሞ ከዚህ ይከብዳል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልላችን በተነሣው ጦርነት መንገድ ተዘግቷል፣ መድኃኒት ጠፍቷል፣ ስንቱ ጤና ጣቢያ ተጎድቷል፤ በዚህ መካከል ስለ ቁመት መለኪያ መናገር ቅንጦት አይሆንምን? እኔም በዚህ ብዙ አስቤበታለሁ። መልሴ ይህ ነው፤ ጦርነት የሚያስርበው ሕፃን ነገ ስኳር ሲያገኝ የሚወፍረው ሕፃን ራሱ ነው። ዛሬ በሆላንድ መዝገብ ላይ የተጻፈው ነገር በእኛ እናቶች ላይ እየተጻፈ ይሆናል። እንግዲያስ መለኪያውን ሰላም እስኪመጣ አናስቀምጠው፤ ሕፃኑ ማደጉን ለሰላም ብሎ አያቆየውምና።

አሁን ወደ ራሳችን ልመለስ። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አንድ ዓመት ወደ ገጠር እየወጡ ያገለግሉ ነበር። ዛሬ እንዲያ ያለ ግዴታ የለብንም፤ ግን ክረምት በመጣ ቍጥር ሁላችንም በየአገራችን እንበተናለን። ወደ ደብረ ወርቅ፣ ወደ ቢቸና፣ ወደ ሞጣ፣ ወደ ደብረ ማርቆስ የምትሄዱ ሁሉ፣ በዚህ ክረምት ሁለት ነገር ይዛችሁ እንድትሄዱ እለምናችኋለሁ። አንዱ ባለ 120 ሳንቲ ሜትር የእንጨት መለኪያ ነው፤ ከአናጢ ጋር ሆናችሁ ልትሠሩት ትችላላችሁ፤ ለጤና ኬላው ስጡት፤ የጤና ተማሪ የሆናችሁም አጠቃቀሙን ከሠራተኞቹ ጋር አብራችሁ ሥሩበት። ሁለተኛው ባዶ እጅ ነው፤ ከብስኩትና ከለስላሳ ባዶ የሆነ እጅ። የተማረ ልጅ ከከተማ ይዞት የመጣው ነገር በመንደሩ ዓይን ሥልጣኔ ነው። እኛ የሸከፍነውን ከረጢት አይተው ነው እናቶች እንቁላሉን ሸጠው ብስኩት የሚገዙት።

እኔ ራሴ ከፋሲካ በኋላ ወደ ቤት በተመለስሁ ጊዜ ሃያ እንቁላል ይዤ ሄድሁ። የወንድሜ ሚስት አይታ በሳቅ ፈነዳች። «የተማረ ሰው ከከተማ ወደ ባላገር እንቁላል ተሸክሞ ይመጣል?» አለችኝ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ግን ቁጭ ብለን ተነጋገርን። በሱቋ ውስጥ ብስኩት እንደምትሸጥ፣ ልጁ ሲያለቅስ ከዚያው እያነሣች እንደምትሰጠው፣ እንቁላሉን ደግሞ ለገበያ እንደምታወጣው ነገረችኝ። ከነገረችኝ ውስጥ አንዱንም ስንፍና ልለው አልችልም፤ ቤቱ የቆመው በዚያው ሳንቲም ነው። ከሳምንቱ እንቁላል ለልጁ ሦስት ልታስቀርለት ተስማማን። ትንሽ ነገር ነው። ሕክምናው ግን እንዲህ ካለ ትንሽ ነገር በቀር ከሌላ አይጀምርም።

ልጁን በመስከረም እለካዋለሁ። ሚዛኑ ያንኑ 16 ኪሎ ተኩል ቢያሳየኝ አላዝንም። የምፈልገው ግድግዳው ላይ በእርሳስ ያሰመርሁት መሥመር ከራሱ በታች ሆኖ ማየት ነው።

እንግዲህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ «ፋፋ» የሚለውን ቃል ከአፋችን እናጥፋው አልልም፤ በረኃብ ዘመን የተወለደ የናቶቻችን ምርቃት ነው። ነገር ግን ልጅ ወደ ጉልበታችን ሲመጣ «እንዴት ፋፍቷል!» ከማለታችን በፊት ብድግ አድርገን ከግድግዳው እናስጠጋውና «አድጓልን?» ብለን እንጠይቅ።

ከአንድ የደብረ ወርቅ ልጅ